ሄኖክን ፍለጋ በተርሚናል፦ የቤዝኤክስ ሰርቨር ማስታወሻ

ጥቅምት 3

ጓደኛዬ ፊሎሎጂ ትማራለች፤ የመመረቂያ ጽሑፏ መጽሐፈ ሄኖክ ላይ ነው። ጥያቄዋ አጭር ናት። ሄኖክን የያዙት ብራናዎች የትኞቹ ናቸው? የትስ ነው ያሉት? መልሱ ኢንተርኔት ላይ አለ። ችግሩ እሷ በምትሠራበት ሰዓት ኢንተርኔቱ የለም።

ዳታው ክፍት ነው። የሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲው «ቤተ መጻሕፍት» ፕሮጀክት ከ2016 (በፈረንጅ) ጀምሮ የኢትዮጵያንና የኤርትራን ብራናዎች በኤክስኤምኤል (ጽሑፍ በታግ፣ ማለትም በስያሜ ምልክት፣ እየተከፋፈለ የሚጻፍበት የፋይል ቅርጽ) እየመዘገበ ጊትሃብ በሚባለው የፋይል ማጋሪያ ድረ ገጽ ላይ ያስቀምጣል። አንድ ብራና አንድ ፋይል ነው፤ አጻጻፉም ቲኢአይ የሚባለውን ደንብ ይከተላል። ስለዚህ አሮጌው ላፕቶፔ ላይ የኤክስኤምኤል ዳታቤዝ ሰርቨር እተክላለሁ፣ እሷ ደግሞ ከራሷ ማሽን በክላየንት (ከሰርቨሩ ጋር በሚያገናኘው ፕሮግራም) ትገባለች። የመረጥኩት ቤዝኤክስን ነው። ጀርመን ኮንስታንዝ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ፣ በጃቫ የተጻፈ፣ ነጻ፣ ሁሉ ነገሩ ከተርሚናል የሚሠራ። ፕሮጀክቱ ራሱ ኤግዚስት-ዲቢ የሚባለውን ሌላ የኤክስኤምኤል ዳታቤዝ ነው የተጠቀመው፤ ለኔ ላፕቶፕ ግን ቀለል ያለ ነገር ነበር የፈለግኩት።

የመጀመሪያው ስህተት ከመጀመሬ በፊት መጣ። የማውረጃውን ትእዛዝ፣ ጊት ክሎንን፣ እንዲሁ ለቀቅኩት። ፋይሎቹን ብቻ ሳይሆን የዓመታት የለውጥ ታሪካቸውንም አብሮ ማውረድ ጀመረ። ፓኬጄ መንገድ ላይ አለቀ። 300 ብር በነፋስ። በሁለተኛው ላይ ጥልቀቱን 1 አልኩት፤ የዛሬውን መልክ ብቻ አምጥቶ ቶሎ ጨረሰ።

ጥቅምት 5

ቤዝኤክስን ኡቡንቱ ላይ በአፕት፣ በራሱ በኡቡንቱ የፕሮግራም መጫኛ፣ ጫንኩት። የመጣልኝ የ9 ቁጥር ስሪት ነው። አሮጌ ነው፣ ግን ይሠራል ብዬ ተውኩት። ይቺ «ይሠራል» በኋላ አስከፍላኛለች።

ዋናዎቹ ትእዛዞች አራት ናቸው። «ቤዝኤክስ» ያለ ሰርቨር ለብቻው የሚሠራው ነው፤ «ቤዝኤክስሰርቨር» እና «ቤዝኤክስክላየንት» ስማቸው ራሱ ይናገራል፤ «ቤዝኤክስኤችቲቲፒ» ለዌብ ነው። እኔ የምፈልገው መሃለኞቹን ነው። ሰርቨሩን እንዲሁ ካስነሱት ተርሚናሉን ይዞ ይቀመጣል። ሰረዝና ትልቁን ኤስ ሲጨምሩበት ከጀርባ ይሠራል። ማቆሚያው «ስቶፕ» ነው። ፖርቱ (ክላየንቱ የሚገባበት የበር ቁጥር) 1984። የፈረንጆቹ 1984 ለኛ ሰባ ሰባት ስለሆነ፣ ቁጥሩን ለመያዝ ወረቀት አላስፈለገኝም።

ክላየንቱ ላይ ተጠቃሚው በትልቁ ዩ፣ ፓስወርዱ በትልቁ ፒ ይሰጣል። ትንሿ ፒ ፖርት ናት። እኔ ፓስወርዴን ለትንሿ ሰጥቼ የአጠቃቀም መመሪያውን ደጋግሞ ሲዘረግፍብኝ ሩብ ሰዓት ተፋጠጥኩት።

ቀጥሎ የመጀመሪያው ኩዌሪ፣ ማለትም ለዳታቤዙ የሚጻፍ ጥያቄ። በድርብ ጥቅስ ውስጥ «ፎር ዶላር ኤክስ ኢን…» ብዬ ጻፍኩ። የሲንታክስ ስህተት። ቅንፉን አየሁ፣ ኮማውን አየሁ፤ ምንም የለም። ለካ ሼሉ (ተርሚናሉ ላይ ትእዛዝ የሚቀበለው ፕሮግራም) ዶላር ኤክስን የራሱ ተለዋዋጭ መስሎት በባዶ ተክቶታል፤ ቤዝኤክስ ጋ ሲደርስ ተለዋዋጩ የለም። በነጠላ ጥቅስ ሳደርገው አለፈ። ከዚያ ወዲህ ከአንድ መስመር የበለጠ ኩዌሪ ተርሚናሉ ላይ አልጽፍም። በፋይል አስቀምጬ የፋይሉን ስም እሰጠዋለሁ።

አለፈ ማለት ግን መልስ ሰጠ ማለት አይደለም። ታይትል የሚባለውን ታግ ሁሉ አምጣ ስለው አንድም የለም ይላል። ፋይሉን ስከፍተው ታጉ በዓይኔ ይታያል! ይሄኛው የኔምስፔስ፣ ማለትም የታግ ስም የየትኛው ደንብ እንደሆነ የሚለይ መጠሪያ፣ ጉዳይ ነው። የቲኢአይ ፋይል ከላይ የራሱን ኔምስፔስ ስለሚያውጅ፣ ባዶ «ታይትል» እና የቲኢአይ «ታይትል» ለኤክስኩዌሪ፣ ለኩዌሪው ቋንቋ፣ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ኩዌሪው አናት ላይ ኔምስፔሱን ማወጅ ነው መፍትሔው። ወይ ደግሞ ኮከብና ሁለት ነጥብ ከስሙ ፊት ማድረግ።

ጥቅምት 8

ዛሬ ሁለት ነገር አበላሸሁ፤ ሁለቱም የሆኑት ክላየንቱን እንደ ሰርቨሩ ስላሰብኩት ነው።

አንደኛው። የወረደው ፎልደር ውስጥ ቆሜ «ክሪኤት ዲቢ» አልኩና መንገዱን በነጥብ ሰጠሁት፤ «እዚሁ» ለማለት ነው። ሰርቨሩ ግን የኔን እዚህ አያውቅም። «እዚህ» ለሱ እሱ የተነሳበት ቦታ ነው፣ ያም የቤት ፎልደሬ ነበር። ቁጭ ብሎ የቤት ፎልደሬን ኤክስኤምኤል ሁሉ ለቀመ። የብራና ዳታቤዝ ብዬ ስከፍተው የቢሮ ፕሮግራሜ ሴቲንግ ነው የሚወጣው። ከዚያ በኋላ ከስር መሠረቱ የሚጀምር ሙሉ መንገድ ብቻ ነው የምሰጠው።

ሁለተኛው። ጽሑፍ ውስጥ ለመፈለግ የፉል ቴክስት ኢንዴክስ (የጽሑፉ ቃላት ማውጫ) ያስፈልጋል። በአንድ ትእዛዝ «ሴት ኤፍቲኢንዴክስ ትሩ» አልኩ፤ እሺ አለኝ። በሌላ ትእዛዝ ዳታቤዙን ፈጠርኩ። «ኢንፎ ዲቢ» ስለው ኢንዴክሱ የለም። ኦፕሽን የሚኖረው በዚያው ሴሽን ብቻ ነው። የመጀመሪያው ትእዛዝ ክላየንቱን ከፍቶ፣ ኦፕሽኑን አስተካክሎ፣ ዘግቶ ሄደ፤ ሁለተኛው አዲስ ሰው ነው። ሁለቱን በአንድ ትእዛዝ ውስጥ በሰሚኮለን ለይቼ ስሰጠው ሠራ።

በነገራችን ላይ ዳታቤዙን «ብራና» ብዬ በፊደላችን ልሰይመው ሞክሬ ነበር። የማይሆን ስም ነው አለኝ። ውስጡ ሙሉ ግዕዝ ይይዛል፣ በሩ ላይ ግን ላቲን ብቻ።

ጥቅምት 12

ጓደኛዬ መጣች። ሁለት ላፕቶፕ፣ አንድ ዋይፋይ። ፋየርዎሉ ላይ 1984ን ከፈትኩ፣ የማሽኔን አይፒ ሰጠኋት፣ በክላየንቱ ገባች። ደስ ሲል!

ደስታው የቆየው ፓስወርዱ ትዝ እስኪለኝ ነው። በ9 ቁጥር ተጠቃሚው «አድሚን»፣ ፓስወርዱም «አድሚን» ሆኖ ነው የሚመጣው። ሰርቨሩ ደግሞ ካልተነገረው በስተቀር ለሁሉም አድራሻ ክፍት ነው። ዋይፋዩን ለጎረቤት አጋርቼዋለሁ። የፎቁ ልጅ ፖርቱን ቢያገኘው ሁሉንም መደምሰስ ይችል ነበር ማለት ነው። ወዲያው የአድሚኑን ፓስወርድ ቀየርኩ። ለእሷ የራሷን ተጠቃሚ ከፍቼ «ግራንት ሪድ» ሰጠኋት፤ ታነባለች እንጂ አትነካም። ለማስታወሻዋ ደግሞ ሌላ ትንሽ ዳታቤዝ ፈጥሬ እዚያ ላይ ብቻ «ራይት» ጨመርኩላት። ብቻውን የሚሠራ ሰው የነጥብ ቤዝኤክስ የሴቲንግ ፋይሉ ውስጥ ሰርቨርሆስትን ሎካልሆስት (የራሱ ማሽን ብቻ) ቢለው ይገላገላል፤ እኔ ግን እንግዳ አለብኝ።

ጥቅምት 15

«አንተ፣ እነዚህ ቃላት ለምንድነው የተጣበቁት?» ብላ የስክሪን ፎቶ ላከችልኝ።

እውነትም ተጣብቀዋል። በመሃላቸው ታግ ያለባቸው ቃላት ሁሉ፣ ለምሳሌ የሰው ስም ታግ የተደረገበት ዓረፍተ ነገር፣ ስሙ ከፊቱና ከኋላው ካለው ቃል ጋር ተለጥፎ ነው የሚወጣው። የገረመኝ ግን ሁሉም ቦታ አለመሆኑ ነው። የቃል መለያው ሁለት ነጥብ «፡» የሆነበት የግዕዝ ጽሑፍ ደህና ነው። የተጣበቀው ባዶ ቦታ ብቻ ያለበት ነው። የጥንቱ ጸሐፊ ነጥቧን ባይጥል ኖሮ ግዕዙም አብሮ ይጣበቅ ነበር።

ምክንያቱ «ቾፕ» የሚባል ኦፕሽን ነው። በ9 ቁጥር ሳይጠየቅ በርቶ ነው የሚመጣው። ዳታቤዙ ሲሠራ ከእያንዳንዱ የጽሑፍ ቁራጭ ፊትና ኋላ ያለውን ባዶ ቦታ ይቆርጣል። የዕቃ ዝርዝር ለያዘ ኤክስኤምኤል ምንም አይደለም፤ ጽሑፍና ታግ ለተደባለቀበት ቲኢአይ ግን ጉዳት ነው። አንዴ ከተቆረጠ ደግሞ ከዳታቤዙ ውስጥ መመለሻ የለውም። ቾፕን አጥፍቼ ከዜሮ ጫንኩ። ሦስተኛ ጊዜ።

ጥቅምት 19

መብራት ሄደ። የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ ስለዚህ መብራት ሲሄድ እሱም አብሮ ይሄዳል።

ሲመለስ ሰርቨሩ ተነሳ። የብራናው ዳታቤዝ ተከፈተ። የማስታወሻዋ ግን «እየተሻሻለ ነው፣ ወይም ማሻሻሉ አላለቀም» የሚል መልእክት ይሰጣል። ልክ መብራቱ ሲሄድ ማስታወሻ እያስቀመጠች ነበር። ቤዝኤክስ መጻፍ ሲጀምር ዳታቤዙ ፎልደር ውስጥ «ዩፒዲ» የምትባል ምልክት ፋይል ያስቀምጣል፤ ሲጨርስ ያነሳታል። ሳይጨርስ ከሞተ ምልክቷ ትቀራለች፣ በሩም ይዘጋል። ደንቡ ዳታቤዙን ጥሎ ከባካፕ መመለስ ነው። ባካፕ የታል? የለም። የሁለት ምሽት ማስታወሻ ነው ያለው።

ፎልደሩን መጀመሪያ ሌላ ቦታ ገለበጥኩ። ከዚያ ምልክቷን በእጄ አጠፋኋት። ይሄን ማንም እንዲያደርግ አልመክርም፤ ውስጡ ግማሹ የተጻፈ ነገር ሊኖር ይችላል። እኔ እድለኛ ሆንኩ። ተከፈተ፣ የመጨረሻዋ ማስታወሻ ብቻ የለችም። በ«ኤክስፖርት» ሁሉንም ወደ ፋይል አውጥቼ ዳታቤዙን እንደ አዲስ ሠራሁት። ለእሷ ስነግራት «የጠፋችው ምን የምትል ነበረች?» አለችኝ። እኔ ምን አውቃለሁ!

አሁን ክሮን (ትእዛዝን በሰዓቱ የሚያስኬድ ፕሮግራም) ላይ በየማታው «ክሪኤት ባካፕ» ይሮጣል። ዚፕ ሠርቶ በቀንና በሰዓት ይሰይመዋል። ዚፑ ግን የሚቀመጠው እዚያው ዳታ ፎልደሩ ውስጥ ስለሆነ ሌላ መስመር ጨምሬ ወደ ፍላሽ አስገለበጥኩት።

ወጪ፦ ያገለገለ ባትሪ 3,500 ብር። ሻጩ ሁለት ሰዓት ይይዛል አለኝ፤ አርባ ደቂቃ ይይዛል። ሰርቨሩን በሥርዓት ለመዝጋት አርባ ደቂቃ ይበቃል።

ጥቅምት 24

ዛሬ ወደ ዋናው ጥያቄ። ታይትል ውስጥ «ሄኖክ» ያለበትን ፈልግ አልኩት። የመጣው እጅግ ትንሽ ነው።

«ዕቃው ዓይን የለውም እንዴ?» አለች። የብሪቲሽ ላይብረሪው ብራና ኦሪየንት 485 ውስጥ ሄኖክ እንዳለ እሷ በቃሏ ታውቃለች፤ በኔ ዝርዝር ውስጥ ግን የለም። ፋይሉን አብረን ከፈትነው። የይዘቱ መስመር አለ፣ የታይትል ታግም አለ፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው! ስሙ የለም። ያለው «ሬፍ» የሚል አትሪቢዩት (ታጉ ላይ የሚጻፍ ተጨማሪ መረጃ) ነው፣ በውስጡም መለያ፦ ኤልአይቲ 1340 ብሎ የሚጀምር። ፕሮጀክቱ የድርሰቶቹን ስም በየብራናው አይደግምም። እያንዳንዱ ድርሰት በሌላ ክምችት ውስጥ የራሱ ፋይል አለው፤ ብራናው ወደዚያ ይጠቁማል። ነገሩ ብልህነት ነው፣ ስሙ አንድ ቦታ ሲታረም ሁሉም ጋ ይታረማል። እኔ ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ በሌለ ቃል ላይ ኢንዴክስ ስሠራ ነበር።

የድርሰቶቹን ክምችት አውርጄ ሁለተኛ ዳታቤዝ አደረግኩት። ኩዌሪው ከዚያ ስሙን ፈልጎ መለያውን ያመጣል፣ በመለያው ብራናዎቹን ይፈልጋል። ሠራ፣ ግን አንዳንዱ ብራና ይቀራል። ለምን ቢባል ከመለያው ኋላ የሃሽ ምልክትና የክፍል ስም የተጨመረበት አለ፤ የመጽሐፉን አንድ ክፍል ብቻ ለማመልከት ነው። «በዚህ የሚጀምር» ብዬ ስጽፈው ሁሉም መጣ፣ ጊዜው ግን 9 ሰከንድ ገባ። የአትሪቢዩት ኢንዴክሱ የሚረዳው ሙሉውን እኩል ለሆነ ነገር ስለሆነ፣ «የሚጀምር» ሲባል አንድ በአንድ ያያል።

መውጫው ኢንዴክሱን ራሱን መጠየቅ ሆነ። «ኢንዴክስ አትሪቢዩትስ» የሚባል ፈንክሽን አለ። ዳታቤዙንና መነሻ ፊደሎችን ሲሰጡት፣ በዚያ የሚጀምሩትን እሴቶች ከኢንዴክሱ ያወጣል። በኤልአይቲ 1340 የሚጀምሩትን አወጣሁ፣ በእያንዳንዱ በሙሉ ስሙ ፈለግኩ። ከአንድ ሰከንድ በታች። ኦሪየንት 485ም ወጣ።

ኅዳር 2

በስም የሚፈለገው ላይ አሁንም ጣጣ አለ። አንዱ ጸሐፊ «ሐ» ይጽፋል፣ ሌላው «ሀ»። ጸሎትና ፀሎት። ዳታቤዙ ሁለት ቃል ነው የሚያያቸው። ቅድመ ቅጥያው ቀላል ነው፤ «ዘሄኖክ» እና «ለሄኖክ» በዋይልድካርድ ይያዛሉ፣ ከቃሉ በፊት ነጥብና ኮከብ ማድረግ ነው። ድምፀ ሞክሼዎቹን ግን «ትራንስሌት» በሚባለው ፊደል ቀያሪ ፈንክሽን ወደ አንድ ማምጣት ግድ ነው። አምስት ፊደል በሰባት ቤት፣ 35 ምልክት ከዚህ፣ 35 ምልክት ከዚያ። ኩዌሪው ውስጥ ባደርገው ኢንዴክሱን ስለማይጠቀም፣ የተስተካከለ ጽሑፍ የያዘ ሦስተኛ ዳታቤዝ ለመሥራት ወሰንኩ።

ሁሉን በአንድ ጊዜ ቀይር ስለው «ዋናው ሜሞሪ አለቀ» ብሎ ወደቀ። ለውጡን ሁሉ ራም ላይ ሰብስቦ መጨረሻ ላይ ነው የሚጽፈው። አንድ ራም ጨመርኩ፣ ያገለገለ ባለ 4 ጊጋ፣ 2,800 ብር። ለጃቫ የሚፈቀደውንም ከፍ አደረግኩ። አሁንም ወደቀ። ፋይሎቹን በመቶ በመቶ ከፋፍዬ ስሰጠው ግን ያለ ምንም ችግር ጨረሰ። ራሙን ሳልገዛ ይሄን ብሞክር ኖሮ!

ከዚያ «ኦፕቲማይዝ»። ጽሑፍ ከተነካ በኋላ የፉል ቴክስት ኢንዴክሱ ስለሚጣል እንደገና መሠራት አለበት።

ውጤቱን ስከፍት «ግኦዝ» ይላል። ግዕዝ ግኦዝ ሆኗል። ፀሐይ «ጹሀይ»፣ ፆም ደግሞ «ም» ብቻ። ሳቅኩ፣ ከዚያ ቆጠርኩ። በሁለተኛው ዝርዝር 34 ምልክት ነው ያለው። «እ»ን ዘልያታለሁ። ከእሷ በኋላ ያለው ሁሉ አንድ ቤት ተንሸራቷል፣ የመጨረሻዋ ፆ አቻ ስላጣች ተሰርዛለች፤ ትራንስሌት አቻ የሌለውን ይሰርዛል እንጂ ስህተት ነው አይልም። አሁን ኩዌሪው ከመጀመሩ በፊት የሁለቱን ርዝመት ያወዳድራል፤ እኩል ካልሆኑ ይቆማል።

ጓደኛዬ ደግሞ በሌላ በኩል መጣችብኝ። «በግዕዝ ሠረቀ ወጣ ነው፣ ሰረቀ ሌባ ነው። ፀሐይን ከሌባ አንድ አደረግካት?» ትክክል ናት። ስለዚህ የተስተካከለው ዳታቤዝ ለመፈለጊያ ብቻ ሆነ። የሚታየው ጽሑፍ ሁልጊዜ ከዋናው ይመጣል።

ኅዳር 6

በ9 ቁጥር መቆየት ሰለቸኝና 10.7ን በዚፕ አወረድኩ። ጃቫ 11 ይፈልጋል፣ እሱ አለኝ። «ሊስት» ስለው ባዶ። ሁሉም ዳታቤዝ የለም። ልቤ ለአፍታ ቆመ።

አልጠፋም። የአፕቱ ስሪት ዳታውን የቤት ፎልደሬ ውስጥ ነበር የሚያስቀምጠው፤ የዚፑ ስሪት ግን የተፈታበት ፎልደር ውስጥ የራሱን «ዳታ» ይከፍታል። የዳታውን ቦታ የሚናገረውን ኦፕሽን፣ ዲቢፓዝን፣ ወደ አሮጌው አዞርኩትና ተመለሱ። ቀጥሎ ስክሪፕቶቼ ወደቁ፤ «ዲቢ ኦፕን» የነበረው ፈንክሽን አሁን «ዲቢ ጌት» ነው። ቾፕም ስሙ ተቀይሮ «ስትሪፕ ዋይትስፔስ» ሆኗል፣ ደግነቱ አሁን ጠፍቶ ነው የሚመጣው። አድሚንም ዝግጁ ፓስወርድ ይዞ አይመጣም፤ ራስ ማውጣት ግድ ነው። ከመጀመሪያው ይሄን ስሪት ይዤ ቢሆን ኖሮ ጥቅምት 12ም ጥቅምት 15ም ባልተጻፉ ነበር።

አንድ ጥንቃቄ፦ ሰርቨሩ እየሠራ ብቻውን የሚሄደውን «ቤዝኤክስ» ያንኑ ዳታቤዝ እንዲቀይር አዝዤው በሌላ ፕሮሰስ ተይዟል አለኝ። ሰርቨር ካለ ሁሉም ሰው በክላየንት ይግባ፣ ባለቤቱም ጭምር።

ኅዳር 9

ዝርዝሩ ወጣ፣ ወደ ፋይል ጻፍኩት፣ ላኩላት። አምስት ደቂቃ አልቆየችም።

«የት ነው ያሉት የሚለውስ?»

የማስቀመጫው ዓምድ ከላይ እስከ ታች ባዶ ነው። አንዱን ፋይል ከፈትኩ። የማስቀመጫው ታግ አለ፣ ውስጡ ምንም የለም፣ ሬፍ አትሪቢዩት ብቻ፤ አይኤንኤስ ብሎ የሚጀምር መለያ። የተቋማቱ ስም በራሱ ሌላ ክምችት ነው። ፓኬጅ ገዝቼ ጥልቀት 1 ብዬ ለቀቅኩት። አሁን 61 ፐርሰንት ላይ ነው፣ ሰማዩም ደመና ነው፣ ባትሪው ሞልቷል።